ስካውት በሰፈራችን፦ ወላጆችና በጎ ፈቃደኞች ደጋግመው የሚጠይቁን

በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች፣ ኪራይ በሚወደድባቸውና ልጅ መሮጫ በሚያጣባቸው ሰፈሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ስካውት የሚጠይቁት ነገር ተቀራራቢ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ ያለችውን እናት የሚያስጨንቃት ነገር ሚኒያፖሊስ ወይም ሲያትል ያለውንም አባት ያስጨንቀዋል። መልሶቹን ያዘጋጀነው ልጃቸውን ለመላክ ለሚያመነቱ ወላጆችና «ለምን እኛው አናስጀምረውም?» ለሚሉ ጎረቤቶች ነው። የምናወራው እስከ ቅርብ ጊዜ ቦይ ስካውትስ ኦፍ አሜሪካ ይባል ስለነበረውና ከፌብሩዋሪ 2025 ወዲህ ስካውቲንግ አሜሪካ ስለተባለው ድርጅት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስካውት የሀብታም ሰፈር ልጆች ነገር አይደለም እንዴ?

እንደዚያ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ዩኒፎርም ለብሰው የምናያቸው ልጆች ከነዚያ ሰፈሮች ስለሆኑ ነው። ሲጀመር ግን እንዲህ አልነበረም። ሮበርት ቤደን ፖዌል በኦገስት 1907 ብራውንሲ በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ለሙከራ ሲሰፍር፣ ከፊሎቹ የባለጸጋ ልጆች ከሚማሩባቸው እንደ ኢተን ካሉ ትምህርት ቤቶች የመጡ፣ ከፊሎቹ ደግሞ የቦርንመዝና የፑል ሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። በመደብ በተከፋፈለ አገር እነዚህን ልጆች ቀላቅሎ በአንድ ቡድን ማሠራት ራሱ የሙከራው አካል ነበር። አሜሪካ የገባው በ1910 ነው።

ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ሆነው ድንኳን መትከል፣ ካርታ ማንበብ፣ እሳት ማንደድ፣ ቁስል ማሰር፣ ምግብ ማብሰልና ሰፈራቸውን ማገልገል ይማራሉ። እስከ 5ኛ ክፍል ያሉት ካብ ስካውት ይባላሉ፤ ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉት ትሩፕ በሚባለው ቡድን ይታቀፋሉ። እዚህ የምንጽፈው በአብዛኛው ስለ ትሩፕ ነው፤ የከተማ ልጅ የሚያስቸግረውም፣ የሚጠፋውም በዚያ ዕድሜ ስለሆነ።

ዩኒፎርም፣ ሰልፍ፣ መሐላ፤ ይህ የወታደር ሥልጠና አይደለም?

ቤደን ፖዌል የእንግሊዝ ጦር ጄኔራል ነበር። የዩኒፎርሙና የሰልፉ መልክ ከዚያ የመጣ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። በዛሬው ፕሮግራም ውስጥ ግን ልጆችን ለውትድርና ማዘጋጀት የለም። አንዳንድ የበጋ ካምፖች ላይ የቀስትና የጠመንጃ ኢላማ ተኩስ አለ፤ የሚካሄደው በሠለጠነ አስተማሪ፣ በተከለለ ቦታ ነው፤ ልጅዎ እንዲሳተፍ ካልፈለጉ «አይሆንም» ማለት ይችላሉ።

ይህን ጥያቄ አጥብቀው የሚጠይቁን በደርግ ጊዜ ወጣት የነበሩ አባቶች ናቸው። ልጅ ተሰልፎ ቃል ሲገባ ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ቀበሌንና የወጣት ማኅበርን ያየ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። በሌላ በኩል በንጉሡ ዘመን አገር ቤት ስካውት እንደነበር የሚያስታውሱ አያቶች አሉ፤ ከነሱ አንዱን አንድ ምሽት ጋብዞ ማናገር ከእኛ ማብራሪያ ይልቅ ወላጆችን ያረጋጋል። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ራስዎ መጥተው ወንበር ስበው አንድ ስብሰባ ሙሉውን ማየት ነው። የትኛውም የስካውት ስብሰባ ለወላጅ ዝግ አይደለም፤ «ወላጅ አይገባም» የሚል ካጋጠመዎት ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

ድርጅቱ ሠራተኛ ልኮ ቢያስተምርልንስ? ለምን እኛ?

በብዙ ከተሞች የተሞከረ መንገድ ነው። ካውንስል የሚባለው የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ከለጋሾች ገንዘብ ያሰባስብና በሰዓት የሚከፈለው ወጣት ቀጥሮ ከትምህርት በኋላ ወደ ድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ይልካል። ወጣቶቹ ብዙ ጊዜ ጎበዞች ናቸው። ገንዘቡ ሲያልቅ ግን ወጣቱ ይሄዳል፤ ቡድኑም ከእሱ ጋር ይበተናል።

ከዚህ የከፋም ታሪክ አለ። በ1968 ድርጅቱ «ቦይፓወር 76» የሚል ዘመቻ ጀመረ። አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን እስክታከብር፣ እስከ 1976 ድረስ፣ ለስካውት ዕድሜ ከደረሱ ወንዶች ልጆች ሲሶውን አባል ለማድረግና እስከዚያ ያልተደረሰባቸውን የከተማ ድሃ ሰፈሮች ለመድረስ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ሥራው ግን ወደ ኮታ ተለወጠ። ከላይ ቁጥር ሲጠየቅ ከታች ቁጥር ተላከ፤ በ1974 ቺካጎ ውስጥ ከተመዘገቡት ልጆች ብዙዎቹ በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ መሆናቸው በጋዜጣ ወጣ። ዘመቻው ያሰበበት ሳይደርስ ተቋረጠ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አትላንታ ውስጥ ያው ነገር ተደገመ፤ በ2005 በተደረገ የውጭ ምርመራ በጥቁሮች ሰፈር አሉ የተባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ስካውቶች እንደሌሉ ታወቀ። በሪፖርት ያለ፣ መሬት ላይ የሌለ ማለት ይህ ነው፤ እኛ አገር ለኖረ ሰው ማስረዳት አያሻውም።

የሰፈር ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሚሞላው ኮታ የለበትም። ማክሰኞ ምሽት አንድ ልጅ ሲቀር «ምነው ቀረ?» ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ በር ያንኳኳል፤ እናቱ የሌሊት ሺፍት እንደገባች፣ ልጁ ታናሹን እየጠበቀ እንደሆነ ያውቃል። ከሌላ ሰፈር በመኪና የሚመጣ መሪ፣ ልቡ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ይህን አያውቅም። ስለዚህ ካውንስሉ ገንዘብ፣ ሥልጠናና ድንኳን ይስጥ፤ መሪው ግን ልጆቹ ሱቅ ውስጥ የሚያገኙት ሰው ይሁን። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሃምሳ ልጅ ስምንት ልጅ ይሻላል ብለን የምንከራከረውም ለዚህ ነው።

ለመጀመር ስንት ሰው ያስፈልጋል?

አዲስ ቡድን ለማቋቋም አምስት ልጆች ይበቃሉ። ከአዋቂዎች በኩል አንድ ስካውትማስተር (የትሩፑ ዋና መሪ)፣ ቢያንስ ሦስት የኮሚቴ አባላትና ቡድኑን የሚያቅፍ ተቋም ያስፈልጋል፤ ተቋሙ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የኮሙዩኒቲ ማዕከል ወይም የወላጆች ማኅበር ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ያለው ነው፤ እድር መርቶ ለሚያውቅ ሰው ምንም አዲስ ነገር የለውም።

ድርጅቱ በልጆች ላይ በደረሱ ጥቃቶች ተከሶ በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ከጠየቀ በኋላ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በሕግ ተጠያቂ እንዳይሆኑ ፈርተው ቡድን ማቀፍ አቁመዋል። የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤም ይህን ፍራቻ ካነሳ ሌላ መንገድ አለ፦ ቡድኑ በካውንስሉ ሥር ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሹን ብቻ ይፈቅዳል። ውሉን ካውንስሉ ያዘጋጃል፤ ከመፈረሙ በፊት የሕግ ዕውቀት ያለው ሰው ቢያየው ጥሩ ነው።

ስለ ልጄ ደህንነት በምን ልተማመን?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚመልስልዎትን ሰው አይመኑ። ድርጅቱ በፌብሩዋሪ 2020 የኪሳራ ጥበቃ የጠየቀው በልጅነታቸው ጥቃት ደርሶብናል ያሉ ሰዎች ክስ ስለበዛበት ነው። አቤቱታ ያቀረቡት ከ82,000 በላይ ሲሆኑ፣ በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የካሣ ስምምነት 2.46 ቢሊዮን ዶላር ነው። በየከተማው፣ በሀብታምም በድሃም ሰፈር፣ ለአስርት ዓመታት የሆነ ነገር ነው።

ዛሬ ያሉት ሕጎች ከዚያ የተማሩ ናቸው፤ ወላጅ ሁሉ በቃሉ ሊያውቃቸው ይገባል። በማንኛውም ስብሰባና ጉዞ ላይ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት ያላነሰ ሁለት የተመዘገቡ አዋቂዎች መኖር አለባቸው። ሴት ልጆች ካሉ ከአዋቂዎቹ አንዷ የተመዘገበች ሴት መሆን አለባት። አንድ አዋቂ ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ለብቻው አይሆንም፤ ይህ በስልክ መልእክትም ይሠራል፦ መሪው ለልጅዎ ቴክስት ሲልክ ሌላ አዋቂ ግልባጭ ውስጥ መግባት አለበት። አዋቂና የሌላ ሰው ልጅ በአንድ ድንኳን አያድሩም፤ ልጆችም አንድ ድንኳን የሚጋሩት የዕድሜ ልዩነታቸው ከሁለት ዓመት ካልበለጠ ነው። የሚመዘገብ አዋቂ ሁሉ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ያልፋል፤ የልጆች ጥበቃ ሥልጠናም ይወስዳል። ጥርጣሬ ያደረበት መሪ ጉዳዩን በሽምግልና መያዝ አይፈቀድለትም፤ በቀጥታ ለፖሊስ ወይም ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት።

የመጨረሻዋ ለእኛ ማኅበረሰብ ከባድ ናት። «ስማችን ይጠፋል፣ በሽማግሌ ይያዝ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። እዚህ ላይ መሪው ፍንክች ማለት የለበትም።

ስንት ያስወጣል?

በ2024 የአንድ ልጅ ብሔራዊ የዓመት ክፍያ 85 ዶላር ነበር፤ ካውንስሎች የራሳቸውን ይጨምሩበታል። የካምፕ ክፍያው ከዚያ ውጭ ነው። የበጋው የአንድ ሳምንት ካምፕ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ፣ ሦስት ልጅ ላለው ቤት ቀላል አይደለም።

ግን አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ካውንስሎች የካምፕ ድጎማ ይሰጣሉ። ችግሩ ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከካምፑ ወራት አስቀድሞ መዘጋቱ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው የሚጠይቀው። አንድ የኮሚቴ አባል ይህን ብቻ ሥራዬ ብሎ ቢይዝ ብዙ ልጆች ይሄዳሉ። ዩኒፎርም አባል ለመሆን ግዴታ አይደለም። ከሌሎች ቡድኖች ያገለገለ ሸሚዝ መሰብሰብ ይቻላል፤ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ዓይነት ቲሸርት ይበቃል። ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ቡድኑ ይግዛ ወይም ይዋስ፤ ወላጅ እንዲገዛ አይጠየቅ። ልጅ ስሊፒንግ ባግ ስለሌለው አፍሮ «አሞኛል» ብሎ ሲቀር ማንም አያውቅለትም።

በመከር ወራት ፖፕኮርን እየሸጡ ገንዘብ ማሰባሰብ የተለመደ ነው። ድሃ ሰፈር ውስጥ ግን ልጁ የሚሸጠው ለማን ነው? ጎረቤቱም እንደሱ ነው። እኛ የምንመርጠው በበዓል ሰሞን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቡናና ሳምቡሳ መሸጥ ነው፤ ምግቡ ከማን ኩሽና እንደሚወጣና የከተማው የጤና ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማጣራት ብቻ ነው።

ጫካ ማደር ግድ ነው? እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ቢማሩ አይበቃም?

ድርጅቱም በአንድ ወቅት እንደዚህ አስቦ ነበር። በ1972 ፕሮግራሙን ለከተማ ልጅ ይስማማል ብሎ ሲያሻሽል ካምፒንግን፣ ምግብ ማብሰልንና ዋናን ለኢግል ስካውት፣ ማለትም ለመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ፣ ግዴታ ከሆኑት ትምህርቶች አወጣቸው። አባላት እየቀነሱ ሄዱ። በመጨረሻ ጡረታ ወጥቶ የነበረው የድርጅቱ መጻሕፍት ደራሲ ዊልያም ሂልኮርት ተመልሶ የልጆቹን መመሪያ መጽሐፍ እንደገና ጻፈ፤ በ1979 ሲታተም ድንኳኑና እሳቱም ተመለሱ። አባላት የቀነሱት በዚህ ብቻ አይደለም፤ ዘመኑ ራሱ ለስካውት የማይመች ነበር። ግን ለከተማ ልጅ አስቦ ከከተማ የሚያወጣውን ነገር መንሳት ምን ማለት ነው? አዳራሽ ውስጥ መቀመጥማ ትምህርት ቤትም አለ።

ደረጃ በደረጃ መሄድ ይቻላል። መጀመሪያ ድንኳኑን ከአፓርታማው ፓርኪንግ ላይ ይተክሉታል፤ አስፋልት ላይ ካስማ ስለማይገባ ገመዱን በውሃ በተሞላ ጀሪካን ያስሩታል፤ ቋጠሮ መማር የሚጀምረውም ያኔ ነው። ቀጥሎ በከተማው ፓርክ ቀን ውሎ መመለስ፤ ከዚያ አንድ ሌሊት። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ወላጆች፣ አስቀድመው ተመዝግበውና የልጆች ጥበቃ ሥልጠናውን ወስደው፣ ቢያድሩ እንመክራለን። ማታ ላይ ከልጆቹ ይልቅ እናቶች ናቸው የማይተኙት፤ ጠዋት ግን ፍርሃቱ ያልፍላቸዋል።

ለሁሉም እንቅስቃሴ የሕክምና ቅጽ ያስፈልጋል፤ ከ72 ሰዓት ለሚበልጥ ካምፕ ደግሞ ሐኪም የፈረመበት ክፍል ይጨመራል። ልጁ ለትምህርት ቤት ስፖርት ምርመራ ሲሄድ ሁለቱን ቅጽ አንድ ላይ ይውሰዱና ያስፈርሙ።

«ልጆቹ ራሳቸው ይመሩታል» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ወላጆችን ከምንም በላይ የሚያስቸግራቸው ይህ ነው። ትሩፕ ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ አንድ ፓትሮል ይሆናል፤ አለቃውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ምን እንደሚበሉ ይወስናሉ፣ ይገዛሉ፣ ያበስላሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ። አዋቂው ዳር ይቀመጣል። ሊጎዱ ካልሆነ በቀር አይገባም።

አንድ አርብ ከሰዓት ሱፐርማርኬት ውስጥ ሰባት ልጆችን አስቡ፤ በእጃቸው ስልሳ ዶላር አለ። የአስራ ሁለት ዓመቱ የፓትሮል አለቃ ዝርዝሩን ይዟል። አንዱ ሦስት ከረጢት ቺፕስ ጋሪው ውስጥ ከትቷል፤ ሌላው እንቁላሉን ከፍቶ የተሰበረ እየፈለገ ነው፤ ሦስተኛው በስልክ እየደመረ «አርባ ሁለት ደርሰናል፣ ዳቦ አልገዛንም!» ይላል። ቺፕሱ በድምፅ ብልጫ ይወጣል። ስካውትማስተሩ ካሸር አጠገብ ቆሞ ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱ ያሳመመው ያስታውቃል።

ከዚያ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አንዲት እናት ሁለት ሰዓት ነድታ፣ እንጀራና ዶሮ ወጥ በትልቅ ማቀዝቀዣ ሣጥን ሞልታ ካምፑ ድረስ ትመጣለች። ሆዷ አልቻለም። ምን ይደረጋል? ዶሮ ወጡን ለመሪዎቹ እንዲሆን በአክብሮት ተቀብሎ፣ ልጆቹ ያሳረሩትን ፓስታ እንዲበሉ መተው ነው። በሚቀጥለው ካምፕ ፓስታው አያርም። ለእናቶች አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይሠራም።

ጾም፣ ሃላል፣ የእሁድ ቅዳሴ እንዴት ይሆናል?

የስካውት ቃል ኪዳን ለፈጣሪ ያለን ግዴታ ይጠቅሳል፤ የየትኛውን ሃይማኖት ግን አይወስንም። ፓትሮሉ ምግቡን የሚያቅደው ራሱ ስለሆነ ጾመኛና ሃላል የሚበላ ልጅ ያለበት ቡድን ያንኑ አስቦ ያቅዳል። ሽሮ ለካምፕ ተወዳዳሪ የለውም፦ ዱቄቱ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ለረቡዕና ዓርብ ይሆናል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። ትልቅ ካምፕ ላይ ማዕከላዊ ወጥ ቤት ካለ ግን ከሳምንታት በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቁርስ ላይ ያለው ቋሊማ ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው፤ «ቬጂቴሪያን» ብለው ካስመዘገቡ ደግሞ አይብና እንቁላል ይመጣልዎታል፤ ጾመኛ ልጅ ያንንም አይበላም።

የእሁዱ ነገር ከምግቡ ይከብዳል። የተለመደው ካምፕ ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ቀትር ነው። ልጆቹ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግሉ ከሆነ ቅዳሜ ማታ የሚመለስ ካምፕ ማቀድ ይቻላል፤ የሚከለክል ሕግ የለም። አዲስ ቡድን ከራሱ ሰዎች ኑሮ ጋር የሚስማማ ካላንደር ቢያወጣ ከማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ረመዳንን፣ ጥምቀትን መጀመሪያ ጻፉበት፤ ካምፑን በቀረው ቦታ አስገቡ።

ልጄ ዋና አይችልም። እኔም አልችልም።

ብዙ የከተማ ልጆች የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ ማንም አስቀድሞ አይነግራቸውም። ፈርስት ክላስ የሚባለውን ደረጃ ለማግኘት ልጁ ከቁመቱ የሚበልጥ ውሃ ውስጥ ዘሎ ገብቶ 75 ያርድ መዋኘት፣ ከዚያ 25 ያርድ በጀርባው መዋኘትና በመጨረሻ መንሳፈፍ አለበት። ስታር፣ ላይፍና ኢግል ከዚያ በኋላ ስለሚመጡ፣ በካርታና በቋጠሮ አንበሳ የሆነ ልጅ በገንዳ ምክንያት ዓመት ሁለት ዓመት ቆሞ ይቀራል።

ቡድኑ በተቋቋመበት ወር የከተማውን መዋኛ ወይም ዋይ ኤም ሲ ኤ ያነጋግሩ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ቅናሽ ያላቸው ብዙ ናቸው። ስካውቱ ቢቀር እንኳ ዋናው ራሱ ሕይወት ያድናል፤ ሐይቅና ወንዝ በሞላበት አገር በየበጋው የምንሰማውን መርዶ እናውቀዋለን።

ሴት ልጄስ?

ትችላለች። ካብ ስካውት በ2018፣ ትሩፑ በፌብሩዋሪ 2019 ለሴቶች ልጆች ተከፍቷል። ገርል ስካውትስ ኦፍ ዘ ዩኤስኤ ደግሞ ከ1912 ጀምሮ ያለ ሌላ ድርጅት ነው፤ ብስኩት የሚሸጡት እነሱ ናቸው። ልጅቷ ሁለቱንም አይታ ትምረጥ። ለቡድኑ የሚከብደው የተመዘገበች ሴት መሪ በየካምፑ ማግኘት ነው፤ እናቶችና አክስቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ዜግነት ወይም ወረቀት ይጠየቃል?

ልጅ ሲመዘገብ ዜግነት መስፈርት አይደለም። መሪ ሆኖ የሚመዘገብ አዋቂ ግን የወንጀል ታሪኩ ስለሚጣራ የማንነት መረጃ ይጠየቃል። ስጋት ያለው ሰው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ ሳይመዘገቡም ምግብ በማቀናጀት፣ ዕቃ በማዘጋጀትና ወላጆችን በመጥራት ማገዝ ይቻላል።

ለኮሌጅ ይጠቅመዋል?

ኢግል ስካውት ለመሆን ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው 21 መሪት ባጅ (አንድን ሙያ ወይም ችሎታ ለተማረ የሚሰጥ ምልክት) ማግኘት፣ ቡድኑን በኃላፊነት ማገልገልና ለአካባቢው የሚጠቅም አንድ ሥራ አቅዶ ሌሎችን አስተባብሮ መፈጸም አለበት። ኮሌጆች ያውቁታል፤ ውትድርና ለሚገባም በከፍ ያለ ደረጃ ያስጀምረዋል። ነገር ግን አብዛኛው ስካውት ኢግል አይሆንም። ልጅን «ለኮሌጅ ይሆንሃል» ብሎ ማስገባት አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ጥሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ለካምፑና ለጓደኞቹ ብሎ የሚመጣው ነው የሚቆየው።

የሐበሻ ልጆች ብቻ ቡድን ይሁን?

በዚህ ላይ በጎ ፈቃደኞቻችን አይስማሙም። አንዳንዶቹ ቋንቋና ጾም የሚጋሩ ልጆች ቢሰባሰቡ ወላጅ ቶሎ ያምናል ይላሉ፤ እውነት አላቸው። እኔ ግን በሩን ክፍት አድርጉት እላለሁ። እንደኛው ኪራይ የሚያስጨንቃቸው የጥቁር አሜሪካውያንና የላቲኖ ቤተሰቦች በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ኮሪደር ላይ አሉ፤ ልጆቹም በአንድ አውቶቡስ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። የአሜሪካ ስካውት ራሱ በዘር የተከፋፈለ ነበር፤ በደቡብ ክፍለ ሀገራት የጥቁር ልጆች ለብቻ ይደራጁ ነበር፤ የመጨረሻው የተለየ አደረጃጀት የፈረሰው በ1974 ነው። ለመቀላቀል ይህን ያህል ዋጋ በተከፈለበት ነገር ውስጥ ገብተን እኛ ለብቻ መዝጋታችን አይጥመኝም። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ የወላጆች ጥሪ በአማርኛም፣ በስፓኒሽም ይሂድ።

ልጆቹ ከሁለት ወር በኋላ ቢቀሩስ?

ይቀራሉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መሰልቸት ሳይሆን መጓጓዣ ነው። ታክሲና ኡበር የሚነዳ አባት ምሽት ላይ ገበያው ነው፤ እናት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሁለተኛ ሺፍት ገብታለች። ስብሰባው በእግር የሚደረስበት ቦታ ካልሆነ፣ ልጁ ፈልጎም አይመጣም። ስለዚህ ጥሩ አዳራሽ ከሩቅ ከመፈለግ ይልቅ የአፓርታማውን የታችኛውን ክፍል፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለውን እንኳ ቢሆን፣ ይጠይቁ። ለካምፕ ጉዞ ደግሞ እነዚያው ሾፌር አባቶች አሉ፤ ቅዳሜን ለመልቀቅ ግን ወር አስቀድሞ መጠየቅ አለባቸው።

እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደል፤ ካምፕ የሚባልም አድሬ አላውቅም። ምን ላግዝ እችላለሁ?

ገጠር ተወልደው ያደጉ ከሆነ ከሥልጠናው አስተማሪ የሚበልጥ ሳያውቁ አልቀሩም። እንጨት መርጦ በእርጥብ ቀን እሳት ያነደደ፣ አህያ ላይ ጭነት አሥሮ ዳገት የወጣ፣ ደመና አይቶ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ የሚናገር ሰው አዳራሽ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ምን አውቃለሁ» ሲል ያሳዝናል። ልጆቹ በዩቲዩብ የሚያዩትን ነገር አባታቸው በእጁ ሲሠራው ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው ለመናገር ከባድ ነው፤ አንድ ቀን ይምጡና ይዩት።

ከተሜ ከሆኑም ቦታ አለ። ነርስ የመጀመሪያ ዕርዳታን፣ መካኒክ የመኪና ጥገናን፣ ሒሳብ ሠራተኛ የገንዘብ አያያዝን ለማስተማር የመሪት ባጅ አማካሪ ሆነው ተመዝግበው ሥልጠናውን ይወስዳሉ። ለወላጆች በአማርኛ ደውሎ «ነገ ካምፕ ነው፣ ሙቅ ካልሲ አይርሳ» የሚል ሰው ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ለመጀመር የከተማዎን ካውንስል ፈልገው ደውለው ዲስትሪክት ኤክስኪዩቲቭ የሚባለውን ሠራተኛ ያነጋግሩ። ቢሯቸው ድረስ አይሂዱ፤ እሱ ወደ ሰፈርዎ እንዲመጣ ይጠይቁት፣ ይመጣል። ሁለት ሌሎች ወላጆችን ይዘው ይቅረቡ፤ ስለ ካምፕ ድጎማው፣ ስለ ድንኳን ውሰትና ስለ ሥልጠናው ቀን መጀመሪያ ይጠይቁ። «በመጀመሪያው ዓመት ስንት ልጅ ትመዘግባላችሁ?» ካለ፣ ስምንት ይበሉት።